በዓይን የማይታየውን ብርሃን ለመግዛት፦ ስለ ብየዳ ጃኬትና ስለ ድብቅ ካሜራ አመራረጥ

መግቢያ

በዚህ እትም ይዤላችሁ የቀረብኩት ርእስ መጀመሪያ ሲታይ «ምንና ምን ይገናኛል?» ሊያሰኝ ይችላል። አንዱ የበያጅ ልብስ ነው። ሌላው ዛፍ ላይ ታስሮ የሚያልፍ የሚያገድመውን ሁሉ ፎቶ የሚያነሣ ዕቃ ነው። እኔም መጀመሪያ ያልኩት እንዲሁ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ክረምት ከደብረ ማርቆስ ተነሥቼ አዲስ አበባ አክስቴ ዘንድ ለእረፍት ልሄድ ስል ከቤተሰቤ ሁለት ትእዛዝ ተሰጠኝ። የመጀመሪያው የታላቅ ወንድሜ ነው። ወንድሜ የአንደኛ ደረጃ መምህር ሲሆን ብየዳ ሙያው ሳይሆን የትርፍ ጊዜ ፍቅሩ ነው። ትንሽ ኢንቨርተር የብየዳ ማሽን ገዝቶ ቅዳሜና እሑድ በግቢው ውስጥ የብረት በርጩማ፣ የከሰል ምድጃ፣ የአበባ ማስቀመጫ ይሠራል። አንድ ቅዳሜ ታዲያ ከሰልባጅ የገዛውን የናይለን ጃኬት ለብሶ ሲበይድ የእሳት ፍንጣሪ ክንዱ ላይ አረፈ። ናይለኑ አልነደደም፤ ቀለጠ። ቀልጦም ከቆዳው ጋር ተጣበቀ። ሐኪም ቤት ሲላጥለት አብሬው ነበርኩ፤ ጩኸቱ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። «እባክሽ፣ ከመርካቶ ደህና የብየዳ ጃኬት ፈልጊልኝ» አለኝ።

ሁለተኛው ትእዛዝ የአባቴ ነው። ወላጆቼ የሚኖሩት በስናን ወረዳ፣ በጮቄ ተራራ ግርጌ ነው። በዚያው ክረምት ከጓሮው በረት ሦስት ግልገሎች ተራ በተራ ጠፉ። ደም የለም፤ ዳናም ቢኖር ዝናቡ አጥቦታል። አባቴ የጠረጠሩት አውሬ አልነበረም። የጠረጠሩት በመሬት ድንበር ምክንያት የቆየ ቅሬታ ያላቸውን ጎረቤታችንን ነበር። «ሌባን ተደብቆ ፎቶ የሚያነሣ ነገር አለ አሉ፤ እሱን አምጪልኝ» አሉኝ።

ሁለቱን ትእዛዝ ይዤ መርካቶ ወረድኩ። በዚህ ጽሑፍ ያየሁትን፣ የተሳሳትኩትንና በኋላ አንብቤ የተረዳሁትን ላካፍላችሁ እወዳለሁ።

1. ሁለቱን ዕቃዎች ምን ያገናኛቸዋል?

የሰው ዓይን የሚያየው የብርሃን ክልል በጣም ጠባብ ነው። ከ400 እስከ 700 ናኖሜትር ገደማ ብቻ ነው። አንድ ናኖሜትር ማለት የሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው። ከ400 በታች ያለው አልትራቫዮሌት ወይም ልዕለ ሐምራዊ ጨረር ይባላል። ከ700 በላይ ያለው ደግሞ ኢንፍራሬድ ወይም ታህተ ቀይ ጨረር ነው። ሁለቱንም አናያቸውም።

የብየዳ ብልጭታ ከሚታየው ብርሃን ጋር አልትራቫዮሌትም ኢንፍራሬድም ይለቃል። ጃኬቱ ከፍንጣሪው በተጨማሪ ይህን የማይታይ ጨረር ከቆዳችን ላይ መመለስ አለበት። የጫካ ካሜራው በተቃራኒው በማይታይ ጨረር ይሠራል። በኢንፍራሬድ የእንስሳውን ሙቀት ይለያል፤ ሌሊት ደግሞ በኢንፍራሬድ አምፖል እያበራ ፎቶ ያነሣል።

እንግዲህ ገበያ ላይ ሻጭ የሚያሳየን የሚታየውን ነው። የጃኬቱን ቀለምና ማብረቅረቅ፣ የካሜራውን ሳጥንና ትልልቅ ቁጥር። እኛ ግን የምንገዛው ከማይታየው ጋር ያለውን ሥራ ነው። የምርጫው ሁሉ ቁልፍ ይኸው ነው ብዬ አምናለሁ።

2. የብየዳ ጃኬት ስንመርጥ

ሀ. ጨርቁ ምንድን ነው? ናይለን፣ ፖሊስተር፣ አክሪሊክና የመሳሰሉት ሰው ሠራሽ ጨርቆች ለብየዳ አይሆኑም። ምክንያቱን በወንድሜ ክንድ አይተናል። የሚሆኑት ቆዳ፣ እሳት እንዲከላከል ተነክሮ የተዘጋጀ ጥጥ፣ ካልተገኘም ወፍራምና ጥቅጥቅ ያለ ንጹሕ ጥጥ ናቸው። ስስ ጥጥ ፍንጣሪውን ለጥቂት ጊዜ ቢችል እንኳ አልትራቫዮሌቱን ያሳልፋል። ፀሐይ ሳይነካው አንገቱ የተቃጠለ በያጅ ካያችሁ ምክንያቱ ይኸው ነው።

ታዲያ ምልክት በሌለው ዕቃ ላይ ጥጥ መሆኑን በምን እንለያለን? ባለሱቁን አስፈቅዳችሁ ከውስጥ ስፌት ጥግ አንድ ክር ምዘዙ። ከዕቃው ራቅ ብላችሁ ክሩን በክብሪት ለኩሱት። ጥጥ ከሆነ እንደ ወረቀት ይሸታል፤ በጣት ሲታሽ የሚበን አመድም ይሆናል። ሰው ሠራሽ ከሆነ ይኮማተርና ጫፉ ላይ ጠጣር ዶቃ ይሠራል። እውነተኛ ቆዳ ደግሞ እንደ ተቃጠለ ፀጉር ይሸታል። እኔ በአንድ ሱቅ «ኦርጅናል ቆዳ» ተብሎ የቀረበልኝን የሚያብረቀርቅ ጃኬት በዚህ ዘዴ ብፈትነው ዶቃ ሠራ። ባለሱቁም ሣቀ፣ እኔም ሣቅሁ፣ ወደ ቀጣዩ ሱቅ ሄድኩ።

ለ. የምን ቆዳ? የአገራችን የደጋ በግ ቆዳ ስስና ጠንካራ በመሆኑ ለእጅ ጓንት በዓለም ገበያ የታወቀ ነው። ለብየዳ ጃኬት ግን ስስነቱ አያዋጣም። የሚመረጠው ወፈር ያለ የከብት ቆዳ ነው። ክብደቱና ሙቀቱ ግን ቀላል አይደለም። በወር ሁለት ቀን ለሚበይድ ሰው ሙሉ የቆዳ ጃኬት የግድ አይደለም። ደረቱ ወፍራም ጥጥ፣ እጅጌው ቆዳ ቢሆን ይበቃዋል። ምክንያቱም በኤሌክትሮድ ሲበየድ ፍንጣሪው ይበልጡን የሚያርፈው ክንድ ላይ ነው። ከራስ በላይ ያለ ብረት የሚበይድ ሰው ግን ትከሻውንም ደረቱንም በቆዳ መሸፈን ይኖርበታል።

ሐ. አሰፋፉ። ኮሌታው እስከ አንገት የሚዘጋ ይሁን። ክፍት ኪስና የተጠቀለለ የእጅጌ ጫፍ ፍንጣሪ የሚጠራቀምባቸው ጉድጓዶች ናቸው። ኪስ ካለው ክዳን ይኑረው። ክሩም ይታይ። ጨርቁ ጥጥ ሆኖ ክሩ ናይለን ከሆነ ስፌቱ ቀልጦ ይተረተራል።

መ. ልኩ። ለብሳችሁ እጃችሁን ወደ ላይ አንሡ፣ ወደ ፊትም ጎንበስ በሉ። ወገብ ወይም የእጅ አንጓ ከተራቆተ ያ ልብስ አጭር ነው።

ሠ. ቀለሙ። ይህ ለውበት አይደለም። ነጣ ያለ ልብስ ጨረሩን ወደ ማስኩ ሥር፣ ወደ ፊት መልሶ ያንጸባርቃል። ጠቆር ያለ ይሻላል።

ረ. አጠባበቁ። እሳት እንዲከላከል የተነከረ ጥጥ በበረኪና ከታጠበ መከላከያው ይዳከማል። ዘይትና ቅባት የነካው ጃኬት ደግሞ የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን ይነዳል።

በፋብሪካ የተሠራ ጃኬት ካገኛችሁ ውስጡ ያለው ምልክት ላይ አይኤስኦ 11611 የሚል ቁጥር ፈልጉ። የበያጅ ልብስ ዓለም አቀፍ ደረጃ ነው። ክላስ 1 ፍንጣሪና ሙቀት ለሚያንስበት ሥራ፣ ክላስ 2 ለሚበዛበት ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ሳልል ባልፍ ቅር ይለኛል። አንደኛ፣ ጃኬት ዓይንን አያድንም። ቁጥር 10 ወይም 11 መስታወት ያለው ማስክ ያስፈልጋል። ጥቁር የፀሐይ መነጽር አድርገው የሚበይዱ ልጆች ሌሊት «ዓይኔ ውስጥ አሸዋ ገባ» እያሉ ድንች ቆርጠው ዓይናቸው ላይ ሲያስሩ የምናየው ለዚህ ነው። ሁለተኛ፣ ወተት መጠጣት የብየዳን ጢስ ያጥባል የሚባለው እውነት አይደለም። በተለይ ዚንክ የተቀባ ብረት ሲበየድ የሚወጣው ጢስ ብርድ ብርድ የሚል ትኩሳት ያመጣል። መፍትሔው ቀለሙን ፍቆ ደጅ ላይ፣ ነፋሱን ከጎን አድርጎ መበየድ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2017 ባደረገው ግምገማ የብየዳን ጢስና ከብየዳ የሚወጣውን አልትራቫዮሌት ጨረር በሰው ላይ ካንሰር ከሚያመጡት ነገሮች መደብ ውስጥ አስገብቷቸዋል። እንግዲህ «ለትርፍ ጊዜ ነው» ማለት ምክንያት አይሆንም።

እኔ በመጨረሻ የገዛሁት ውድ ጃኬት አይደለም። ወፍራም የጥጥ ካፖርት ገዝቼ ደብረ ማርቆስ ስመለስ ለጫማ ሰፊ የከብት ቆዳ እጅጌ በጥጥ ክር አሰፋሁለት። ወንድሜ ዛሬም የሚለብሰው እሱን ነው።

3. የጫካ ካሜራ ስንመርጥ

ይህ ካሜራ አዲስ ፈጠራ አይደለም። አሜሪካዊው ጆርጅ ሺራስ የዱር እንስሳት ራሳቸው ገመድ ነክተው የሚነሡበትን ዘዴ ከመቶ ዓመት በፊት ተጠቅሞበታል። የሌሊት ፎቶዎቹም እ.ኤ.አ. በ1906 በናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት ታትመዋል። ዛሬ በገመዱ ምትክ ሙቀት የሚለይ ሴንሰር አለ። በክልላችንም ትልቅ ሥራ ተሠርቶበታል። እ.ኤ.አ. በ2016 ይፋ በሆነው ጉዞ በሱዳን ድንበር በሚገኘው በአልጣሽ ብሔራዊ ፓርክ አንበሶች መኖራቸው የተረጋገጠው በዳናቸውና እንዲህ ባለ ካሜራ በተነሡ ፎቶዎች ነበር። ሰው ሲሰማው የኖረውን ነገር ለዓለም ያሳየው ዛፍ ላይ የታሰረ ትንሽ ሣጥን ነው ማለት ነው።

ስንገዛ ምን እንጠይቅ?

ሀ. ሜጋፒክሰሉን አትመኑ። በርካሽ ካሜራዎች ላይ የሚጻፈው ትልቅ ቁጥር ብዙውን ጊዜ ትንሹ ምስል በኮምፒውተር ዘዴ ተለጥጦ የተገኘ ነው። ይልቁንስ በሌሊት የተነሣ ናሙና ፎቶ አሳዩኝ በሉ።

ለ. ፍጥነቱን ጠይቁ። ሴንሰሩ ሙቀት ከለየበት ቅጽበት እስከ ፎቶው ያለው ጊዜ ከግማሽ ሴኮንድ ባይበልጥ ጥሩ ነው። ከዘገየ የምታገኙት ጅራት ብቻ ነው።

ሐ. የሌሊት ብርሃኑን ለዩ። ባለ 850 ናኖሜትር አምፖል ሩቅ ያበራል፤ ነገር ግን ሲያነሣ ደብዛዛ ቀይ ፍም ይታያል። ባለ 940 ናኖሜትር ለሰው ዓይን አይታይም፤ ነገር ግን የሚያበራው በቅርብ ነው። ለአውሬ የመጀመሪያው ይበቃል።

መ. ስለ ባትሪ አስቡ። የጮቄ ብርድ ተራ ባትሪን ቶሎ ያደክማል። ሊቲየም ባትሪ ብርድ ይችላል፤ ዋጋው ግን ይወደዳል።

ሠ. አተካከሉ። ከመሬት ከግማሽ እስከ አንድ ሜትር ከፍ ብሎ፣ ፊቱ ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ ይሁን። ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ምዕራብ ካዞራችሁት ፀሐይ ትገባበታለች። ከፊቱ ያለውን ሣርና ቅርንጫፍ አጽዱ። እኔ ይህን ስላላወቅሁ በመጀመሪያው ሳምንት ከአራት መቶ በላይ ፎቶ አገኘሁ፤ ሁሉም በነፋስ የሚወዛወዝ ሣር ነበር።

ረ. ሰዓቱንና ቀኑን አስተካክሉ። ይህችን ነጥብ በመጨረሻ ያስቀመጥኳት በምክንያት ነው።

4. ፎቶው ምን አለ?

ካሜራውን የተከልነው በኅዳር፣ ከበረቱ ፊት ለፊት ባለ ባሕር ዛፍ ላይ ነው። በሁለተኛው ሳምንት ቤት ስሄድ ፎቶዎቹን ስልኬ ላይ ገልብጬ ለአባቴ አሳየኋቸው። ከመካከላቸው አንዱ ጋቢ የተከናነበ፣ ዱላ የያዘ ሰው በበረቱ በኩል ሲያልፍ ያሳያል። ፊቱ አይታይም። አባቴ ግን በአረማመዱ አወቁት፤ ጎረቤታችን ነው። ከፎቶው ግርጌ «30/11 04:10» ተጽፏል።

«አየሽ!» አሉ አባቴ፤ «ከምሽቱ አራት ሰዓት ከአሥር ደቂቃ በበረቴ ላይ ምን ያደርጋል?» ድምፃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። በማግስቱ ሽማግሌ ሰብስበው ፎቶውን ሊያሳዩ ተነሡ። በገጠር እንዲህ ያለ ክስ አንዴ ከወጣ በዕርቅም ተጠቅልሎ አይመለስም። ለልጅ ልጅ ይተርፋል።

እኔም እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ አምኛቸው ነበር። ያቆመኝ ቀኑ ነው። ወር 11 በእኛ አቆጣጠር ሐምሌ ነው፤ ካሜራው የተተከለው ግን በኅዳር ነው። «አባባ፣ ቀኑ እኮ የፈረንጅ ነው» አልኳቸው። እሳቸውም «ቀኑን ተዪው፣ ሰዓቱን እይ» አሉኝ። እንዴ! ቀኑ የፈረንጅ የሆነ መሣሪያ ሰዓቱ የሐበሻ ይሆናል? የፈረንጅ ኖቬምበር 30 ማለት ኅዳር 21 ነው። 04:10 ደግሞ ከምሽቱ አራት ሳይሆን ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ከአሥር ነው። ኅዳር 21 ምን ቀን ነው? ኅዳር ጽዮን! ጎረቤታችን በዚያ ሰዓት በዚያ መንገድ ወደ ቤተ ክርስቲያን እየሄዱ ነበር። እናቴም በዚያው ሌሊት፣ ከእሳቸው ጥቂት ቆይታ፣ በዚያው መንገድ ሄዳለች። በሚቀጥለው ፎቶ ላይ ነጠላዋ ይታያል።

አባቴ ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ።

ከአራት ሌሊት በኋላ በተነሣ ፎቶ ላይ መልሱ መጣ። ሰዓቱ 02:35 ይላል፤ ከሌሊቱ ስምንት ተኩል አለፍ ሲል መሆኑ ነው። ዓይኖቹ እንደ ፋኖስ የሚያበሩ ቀበሮ አራተኛውን ግልገል በአንገቱ ነክሶ በአጥሩ ሥር ሲወጣ ይታያል። አባቴ በማግስቱ አጥሩን በእሾህ አጠሩት፤ ግልገሎቹንም ቤት ውስጥ ማሳደር ጀመሩ።

ስለ ቀበሮው አንድ ነገር ልጨምር። ይህኛው በዓለም ላይ በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኘው ቀይ ቀበሮ አይደለም። ለብዙ ዘመን ከእስያና ከአውሮፓ ወርቃማ ቀበሮ ጋር አንድ ዝርያ ተደርጎ የተቆጠረው ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ የዘረመል ጥናት ግን ራሱን የቻለ የአፍሪካ ዝርያ መሆኑን አሳይቷል። ቀይ ቀበሮ በዋናነት የሚኖረው የደጋ አይጥና ፍልፈል እያደነ ነው። በጮቄም ቀድሞ ነበር፤ ዛሬ ግን ከዚያ ጠፍቷል። በመላ አገሪቱ የቀረው 500 ገደማ ነው። ሰውን ከሰው ብቻ ሳይሆን ቀበሮንም ከቀበሮ ሳይለዩ መፍረድ ጉዳት አለው ለማለት ነው።

5. «ድብቅ» የሚለው ቃል

እኛ ጋዜጠኝነት የምንማር ልጆች ድብቅ ካሜራ ሲባል ዓይናችን ይበራል። ግን እናስብበት። የኢ.ፌ.ዴ.ሪ. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 የማንኛውንም ሰው የግል ሕይወት የመከበር መብት ደንግጓል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም ወጥቷል። የራስን በረት መጠበቅ መብት ነው። የጎረቤትን ደጃፍ፣ የወንዝ መታጠቢያን ወይም የሕዝብ መንገድን መሰለል ግን መብት አይደለም። ስለዚህ የካሜራው ፊት ወደ ራስ ንብረት ይሁን። ክልላችን ባለበት የጸጥታ ሁኔታ ደግሞ ለቀበሌና ለጎረቤት ሳያሳውቁ ዛፍ ላይ ካሜራ ማሰር በገዛ እጅ ጣጣ መጥራት ነው። ከአውሬ ይደበቅ እንጂ ከሰው አይደበቅ። አውሬ ወሬ አይሰማም፤ ቢነገርም ጉዳት የለውም።

እኛ ይህን አላደረግንም። ጎረቤታችን ፎቶ መነሣታቸውን ሳያውቁ በስልኬ ውስጥ ለአንድ ሳምንት «ሌባ» ሆነው ቆዩ። ፎቶውን አጥፍቼዋለሁ። አባቴ በገና ቤታችን ጠርተዋቸው ነበር፤ ጠላ ሲቀዱላቸው እጃቸው እንደ ወትሮው አልነበረም። ጎረቤታችን ምክንያቱን እስከ ዛሬ አያውቁም። መንገር ይሻል ነበር ወይስ ዝም ማለት? እኔ እስካሁን አልቆረጥኩም። ይህን ጽሑፍ ከማተሜ በፊት ግን ለአባቴ አንብቤላቸው «ስም ካልጠራሽ ይሁን» ብለውኛል።

ማጠቃለያ

በአጭሩ የብየዳ ጃኬት ስትገዙ ቀለሙን ሳይሆን ክሩን ፈትኑ። የጫካ ካሜራ ስትገዙ ሜጋፒክሰሉን ሳይሆን የሌሊት ፎቶውን ተመልከቱ። ጃኬቱን ኮሌታውን ሳትዘጉ፣ ማስክ ሳታጠልቁ አትመኑት። ካሜራውን ደግሞ ሰዓቱና ቀኑ በማን አቆጣጠር እንደሆነ ሳታረጋግጡ አትመኑት። ነገ በሙያችን ስንሠማራም «ፎቶ አለኝ» ብሎ የሚመጣ ሰው አይጠፋም። ያን ጊዜ የመጀመሪያ ጥያቄያችን «ማን ነው የተነሣው?» ሳይሆን «መቼ ተነሣ? ሰዓቱስ የማን ነው?» ይሁን እላለሁ።